«ይሠራል?» ብዬ መጠየቅ ያቆምኩበት ቀን

ራሱን የሚነዳ መኪና ለሙከራ ከመውጣቱ በፊት «ዝግጁ ነው» ብሎ መፈረም የእኔ ኃላፊነት ነው። ስጀምር የያዝኩት ቼክሊስት ረጅም ነበር፤ ካሜራው ይሠራል? በሌዘር ጨረር ርቀት የሚለካው ላይዳሩ ይሠራል? ፍሬኑስ? ሁሉም ላይ ምልክት አደርግና እፈርማለሁ። አንድ ጠዋት፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶ በፈረምኩበት ቀን፣ መኪናው በዝግ የሙከራ ሜዳ ላይ መስመሩን ለቆ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ። የሙከራ ሾፌራችን መሪውን ቀምታ መለሰችው። ማንም አልተጎዳም፤ እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ካሜራው በዋዜማው ለጽዳት ተፈቶ መልሶ ሲታሰር በጥቂቱ ዞሯል። ምስሉ ጥርት ያለ ስለነበር «ይሠራል» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። ነገር ግን የ1 ዲግሪ መዛባት 50 ሜትር ርቀት ላይ 87 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። መንገድ ውስጥ የገባን እግረኛ ገና ዳር የቆመ ለማስመሰል ይህ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዬን «በምን አወቅን?» በሚል ቀየርኩት። አሁን በየጠዋቱ ሜዳው ላይ ሰሌዳ እናቆማለን፤ ርቀቱን በሜትር እንለካለን፤ ከዚያ መኪናው የት አየሁት እንደሚል እናመሳክራለን። የሴንሰሮቹን ሰዓትም እንዲሁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የካሜራውና የላይዳሩ ሰዓት በ0.1 ሰከንድ ቢለያይ አንዱን ነገር ከሜትር በላይ አራርቀው ሁለት ቦታ ያዩታል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። በዝግ ሜዳ፣ በዝግታ እየሄድን፣ የሴንሰር ገመድ እንነቅላለን፤ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ እንጫናለን፤ ፍሬን መርገጥ ብቻውን፣ መሪ መያዝ ብቻውን መኪናውን ለሾፌሩ ያስረክብ እንደሆነ አንድ በአንድ እንሞክራለን። አንድ ጊዜ ዋናውን ኮምፒውተር ድንገት አጠፋነው። መሪው ላላ፤ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ግን አልተሰማም። ለካስ ድምፁን የሚያሰማው ያው የጠፋው ኮምፒውተር ነበር! ስንት ጊዜ «ማስጠንቀቂያው ይጮኻል» ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ይጮኽ የነበረው ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሲሆን ብቻ ነው። የራሱ ባትሪ ያለው፣ ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ምልክት ሲቋረጥ በራሱ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ እስኪገጠም ድረስ ያ መኪና ከሜዳ አልወጣም።

የአየር ሁኔታ፣ የሰዓትና የመንገድ ገደቡ በጽሑፍ ይቀመጣል። ሶፍትዌሩ ውስጥ አንዲት መስመር ብትቀየር የጠዋቱ ፊርማ ይሻራል። በዚህ ድርድር የለም።

ሾፌሩን መፈተሽ ግን ከመኪናው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በአሪዞናዋ ቴምፔ አንዲት ሴት ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ ስታቋርጥ በሙከራ ላይ የነበረ መኪና ገጭቶ ገደላት። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ባወጣው ሪፖርት መሠረት መኪናው ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ አስቀድሞ አይቷታል፤ ምንነቷን ግን እየቀያየረ ሲመድብ ጊዜው አለፈ። ብቻዋን የነበረችው ሾፌር ስልኳን ትመለከት ነበር። ሪፖርቱ የድርጅቱን የላላ የደህንነት ባህልም ወቅሷል። እኔ ይህን ሳነብ የታሰበኝ ለሰዓታት ምንም ሳይሠሩ ነቅቶ መጠበቅ ሰውን ምን ያህል እንደሚያፈዝ ነው። ስለዚህ መኪና ውስጥ ሁለት ሰው እናስገባለን፤ ስክሪኑን የሚያነበው ሁለተኛው ነው፣ የሾፌሩ ዓይን ከመንገድ አይነሳም። ስልክ ውጭ ይቀራል። ፈረቃው አጭር ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ቢናገር ከደመወዙ አይቆረጥበትም።

ይህ ሕግ ባለፈው የተፈተነው እንግዶች መኪናውን ለማየት በመጡበት ቀን ነው። ያቺው ሾፌራችን ፍሬኑን ሁለቴ ረገጥ ረገጥ አድርጋ «አልተመቸኝም፤ ዛሬ አልነዳም» አለች። መረጃው ሁሉ ደህና ይላል፤ አለቃችን እኔን እኔን ያያል። «እስቲ አንዴ ሞክሪው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና ሙከራውን ሰረዝኩ። ፍሬኑ ተፈቶ ሲታይ ምንም አልተገኘበትም። አለቃችንም ስለዚያ ቀን አንድም ጥያቄ አላነሳባትም። በማግስቱ ቀድማኝ መጥታ ሰሌዳውን ስታቆም አገኘኋት፤ የሜትሩን ጫፍ ሰጠችኝና አብረን ለካን።