ከወረዳ እስከ ገበሬ፦ በጃንጎ ኩዌሪ መቀነስ

ሰላም ጓዶች! ደብረ ማርቆስ ሆኜ የጃንጎ (በፓይተን ዌብሳይት መሥሪያ ፍሬምወርክ) ልምምዴን ቀጥያለሁ። የምሠራው የሰብል መመዝገቢያ ነው። ወረዳ አለ፣ በወረዳው ሥር ቀበሌ፣ በቀበሌው ሥር ገበሬ። መረጃው ለልምምድ የተፈጠረ ነው፤ የወረዳዎቹ ስም ግን የእኛው ነው፦ ማቻክል፣ አነደድ፣ እነማይ።

ሁሉንም በአንድ ገጽ ለማሳየት ሉፕ (ተደጋጋሚ ዙር) ውስጥ ሉፕ መጻፍ ይቀላል። አበሳውን የሚያየው ዳታቤዙ ነው። 10 ወረዳ፣ በየወረዳው 20 ቀበሌ አለ እንበል። ለወረዳዎቹ 1፣ ለቀበሌዎቹ 10፣ ለገበሬዎቹ 200፣ በድምሩ 211 ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ይሄዳል። ገጹ የላካቸውን ኩዌሪዎች የሚያሳየውን ጃንጎ ዲበግ ቱልባርን ጫኑና በዓይናችሁ እዩት። እኔ ያለሱ ስለ ፍጥነት ማውራት አልወድም።

መፍትሔው እንደ አቅጣጫው ይለያያል። ከገበሬ ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ሽቅብ ስትወጡ፣ በየደረጃው ያለው ወላጅ አንድ ነው። ሴሌክት ሪሌትድ (select_related) በጆይን፣ ማለትም ሰንጠረዦቹን በአንድ ኩዌሪ አገናኝቶ፣ አንድ ላይ ያመጣዋል። ቁልቁል ስትወርዱ ግን ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ እዚህ የሚያዋጣው ፕሪፌች ሪሌትድ (prefetch_related) ነው። ለየደረጃው አንድ አንድ ኩዌሪ ይልካል፣ ማን የማን እንደሆነ ደግሞ ፓይተን ውስጥ ያዛምዳል። ደረጃዎቹን በሁለት አንደርስኮር (__) አያይዛችሁ ስትጽፉ 211ዱ ወደ 3 ይወርዳል። በጣም ደስ ይላል!

ጉዳዩ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። ጤፍ የዘሩትን ብቻ ማሳየት ፈለጋችሁ እንበል። ሉፑ ውስጥ በየቀበሌው ገበሬዎች ላይ ፊልተር (ማጣሪያ) ከጻፋችሁ፣ መረጃው ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጃንጎ ዳታቤዙን እንደገና ይጠይቃል። ፊልተር አዲስ ኩዌሪ ነውና። 3ቱ ላይ 200 ተጨምሮ 203 ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ማጣሪያው ከመጀመሪያው አብሮ መላክ አለበት። ለዚህ ከጃንጎ 1.7 ጀምሮ ፕሪፌች (Prefetch) የሚባል ኦብጀክት አለ። የተጣራውን ኩዌሪሴት (ምን እንደሚመጣ የሚገልጸውን የጃንጎ ጥያቄ) ትሰጡታላችሁ፣ በቱ አትር (to_attr) ደግሞ ለውጤቱ ስም ታወጡለታላችሁ። ስም ማውጣቱን አትዝለሉት። ካልተሰየመ፣ የቀበሌውን ገበሬዎች ሁሉ የሚጠራው ኮድ ጤፍ የዘሩትን ብቻ ይመልሳል። ከወር በኋላ ኮዱን የሚያነብ ሰው ስንዴ የዘሩት የት ገቡ ብሎ ግራ ይጋባል። ስም ከወጣለት ግን የተጣራው ለብቻው በሊስት ይቀመጣል፣ ዋናው አይነካም።

አሁን ወደ ቴስቱ (ኮዱን ወደሚፈትሸው ኮድ) ገብቻለሁ። አሰርት ነም ኩዌሪስ (assertNumQueries) የኩዌሪውን ቁጥር ይቆጣጠራል፤ አንድ ሰው ቴምፕሌቱን (የገጹን ቅርጽ የያዘውን ፋይል) ነካክቶ ከ3 ካሳለፈው ቴስቱ ይወድቃል።