በሽተኛ ማገላበጥ ቀላል የሚመስላችሁ
ለማታውቁ፣ እዚሁ ጎንደር የጤና ረዳትነት እየሠለጠንኩ ነው። የዛሬው ርዕስ የአልጋ ቁስል ነበር። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው አንድ ጎኑ ላይ ብዙ ከቆየ ዳሌው፣ ተረከዙ፣ ብቻ አጥንት የሚበዛበት ቦታ ሁሉ ደም እያጣ ቆዳው መሞት ይጀምራል። ስለዚህ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ነው ይባላል፤ በእኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ዳስሶ ሙቀቱንና ጥንካሬውን ማየት ነው። ይሄ በጣም ነው የገረመኝ!

ከሰዓት ዋርድ ገባን። አንዲት እማማን ለሁለት ሆነን በአንሶላ አዞርናቸው፤ መጎተት ክልክል ነው፣ ቆዳ ይልጣል። በጉልበታቸው መሀል ትራስ አደረግንላቸው። «እሰይ የኔ ልጅ፣ ክፉ አይንካሽ» አሉኝ። ደስ ሲል!

ፒያሳ ታክሲ ስጠብቅ ግን ወገቤ ተቆርጧል። ነገ የደም ግፊት መለካት ነው፣ እሱ እንኳን ተቀምጦ ይሠራል።