የኦጎኒ ዘጠኙን መታሰቢያ ምሽት እንዴት አዘጋጀሁት

ኦጎኒዎች ነዳጅ በሚወጣበት በናይጄሪያው የኒጀር ዴልታ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ለመብታቸው የታገለው ደራሲ ኬን ሳሮ ዊዋና ስምንት ጓደኞቹ፣ «የኦጎኒ ዘጠኙ» የሚባሉት፣ ናይጄሪያ፣ ፖርት ሃርኮርት እስር ቤት የተሰቀሉት ኖቬምበር 10 ቀን 1995 ነው (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። 30ኛ ዓመቱ ሲደርስ እዚህ ለንደን ላሉ የሐበሻ ወጣቶች መታሰቢያ ምሽት አዘጋጀሁ። ሌላም ሰው ቢያስብበት ብዬ ነው የምጽፈው።

ምሽቱ ለቅሶ ብቻ እንዲሆን አልፈለግኩም። ማሳየት የፈለግኩት ዓለም መቼ እንደጮኸ ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፌ ቀኖቹን በተራ ጻፍኩ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ልዩ ችሎት ሞት ፈረደባቸው። ይግባኝ የለም። ኖቬምበር 8 ያኔ ናይጄሪያን ይገዛ የነበረው የጄኔራል ሳኒ አባቻ ወታደራዊ ምክር ቤት ፍርዱን አጸደቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ተሰቀሉ።

ከፍርዱ እስከ ገመዱ አሥር ቀን ገደማ ነው። በእነዚያ ቀናት የመብት ድርጅቶችና ደራስያን ሲማጸኑ ነበር፤ ከመንግሥታቱ ግን ብዙዎቹ በጓዳ መነጋገርን መረጡ፣ ማንዴላም ጭምር። ቁጣው የገነፈለው ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ ነው። የኮመንዌልዝ (የእንግሊዝና በአብዛኛው የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ማኅበር) መሪዎች ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ተሰብስበው ስለነበር ወዲያው ናይጄሪያን ከአባልነት አገዱ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር በፍርድ ስም የተፈጸመ ግድያ ነው አሉ። አገሮች አምባሳደሮቻቸውን ጠሩ። ማንዴላ የነዳጅ ማዕቀብ ይጣል ብለው ወተወቱ። ማዕቀቡ ግን አልመጣም፣ ነዳጁም መሸጡን ቀጠለ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልጆቹም ብዙ ያወሩት እዚህ ላይ ነው።

የሚከብደውንም አልዘለልኩትም። ሜይ 1994 አራት የኦጎኒ ሽማግሌዎች በደቦ ተገድለዋል፣ ዘጠኙ የተከሰሱትም በዚህ ግድያ ነው። ይሄን ካልነገራችሁ አንዱ ስልኩን ከፍቶ ያገኘዋል፣ ከዚያ በኋላ የምትሉትን ማን ያምናል? አራቱም ሰዎች ናቸው፣ ቤተሰብ አላቸው። ሳሮ ዊዋ ግን በዚያን ቀን ወታደሮች ወደ ኦጎኒ እንዳይገባ መልሰውታል። ከዐቃቤ ሕግ ምስክሮችም ጉቦ ተሰጥቶን ነው ያሉ ነበሩ።

ስሞቹን እኔ ላንብብ አላልኩም። ከዴልታው አካባቢ የመጣች የሥራ ባልደረባዬን ለመንኳት። ሁልጊዜ «ሳሮ ዊዋና ሌሎቹ» ነው የሚባለው፣ ሌሎቹ ግን ስም አላቸው፦ ሳተርዴይ ዶቢ፣ ኖርዱ ኢያዎ፣ ዳንኤል ግቦኮ፣ ፖል ሌቬራ፣ ፊሊክስ ኑዋቴ፣ ባሪቦር ቤራ፣ ባሪነም ኪዮቤል፣ ጆን ክፑይነን። ከስሞቹ በኋላ ለምን እንደታገሉም ነገረችን። ጃንዋሪ 4 ቀን 1993 ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ከሚሆነው የኦጎኒ ሕዝብ 300,000 ያህሉ መንገድ ወጥቶ ነበር፤ የጠየቁት እርሻቸውንና ወንዛቸውን ያበላሸው ዘይት እንዲጸዳ፣ ከነዳጃቸውም ድርሻ እንዲያገኙ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2011 ባወጣው ጥናት ጽዳቱ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊፈጅ ይችላል ብሏል።

ሰልፍና መግለጫ ካለቀ በኋላ ነገሩን ይዘው የዘለቁት ቤተሰቦቹ ናቸው። በ2009 በኦጎኒ ነዳጅ ሲያወጣ የነበረው ሼል ጥፋተኝነቱን ሳያምን 15.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ቤተሰቦቹ ኒውዮርክ ላይ የመሠረቱበትን ክስ ጨረሰ። የኪዮቤል ባለቤት አስቴር ደግሞ ሼልን ከሳ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዳ በ2013 ተረታች፣ ኔዘርላንድስ፣ ዘ ሄግ ሄዳ እንደገና ከሰሰች፣ እዚያም በ2022 አልቀናትም። ደግሜ ባዘጋጅ ምሽቱን በእሷ ነው የምጀምረው።

ጁን 2025 የናይጄሪያው ፕሬዚዳንት ቲኑቡ ለዘጠኙም ይቅርታ አደረጉላቸው፣ ኒሻንም ሰጧቸው። ብዙ ኦጎኒዎች ግን ይቅርታ ለጥፋተኛ ነው፣ የእኛዎቹ ንጹሐን ናቸው ብለዋል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ስለዚህ በምሽቱ መጨረሻ ፍርዱ ራሱ ይሰረዝ የሚል ደብዳቤ አብረን ጻፍንና ለናይጄሪያ ኤምባሲ ላክን። በሌላ ከተማ ማዘጋጀት የምትፈልጉ ካላችሁ የቀኖቹን ዝርዝርም ደብዳቤውንም እልክላችኋለሁ።