ዕዳው ተከፍሎ ያልመጣው ታይትል

አሜሪካ ውስጥ ያገለገሉ መኪኖች በሚሸጥ አንድ ድርጅት የታይትል ሥራ እሠራለሁ። ሻጩ ከደንበኛው ጋር ተጨባብጦ ቁልፉን ካስረከበ በኋላ የሚቀረው ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል። የሽያጭ ውሉ፣ የብድር ውሉ፣ የኢንሹራንስ ማስረጃው፣ መኪናው ስንት ማይል እንደተነዳ የሚገልጸው ፎርም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታይትሉ፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ሰነድ። ይህ ሰነድ ወደ ገዢው ስም ካልተዛወረ ቋሚ ሰሌዳ አይወጣም። እስከዚያ ገዢው የሚነዳው ቀን በተቆረጠለት ጊዜያዊ ሰሌዳ ነው፤ ቀኑ ካለፈ መኪናው ደጅ ይቆማል።

የምነግራችሁ ገጠመኝ የአንድ ያገራችን ሰው ጉዳይ ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ በመተግበሪያ እየተጠሩ ተሳፋሪ በማመላለስ የሚተዳደሩ አባት ናቸው። ጋሼ እያልኩ ነበር የምጠራቸው፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

ጋሼ መኪናውን ሲገዙ ታይትሉ እኛ ዘንድ አልነበረም። ይህ ብቻውን እንግዳ ነገር አይደለም። መኪናው ከእሳቸው በፊት የሌላ ደንበኛ ነበር፤ ያ ደንበኛ አሮጌውን ለእኛ አስረክቦ፣ ልዩነቱን ጨምሮ ሌላ ወስዷል። አሮጌው ላይ የባንክ ዕዳ ነበረበት። ዕዳ ያለበት መኪና ታይትሉ ላይ የአበዳሪው ስም ይመዘገባል፤ ሊን የሚባለው ይህ ነው። በብዙ ስቴቶች እንዲያውም ሰነዱ በወረቀት መልክ የለም፤ አበዳሪውና የስቴቱ የተሽከርካሪ ቢሮ በኮምፒውተር የሚለዋወጡት መዝገብ ነው። ዲለሩ፣ ማለትም መኪና ሻጩ ድርጅት፣ ዕዳውን ይከፍላል፣ ባንኩ ሊኑን ያነሳል፣ ታይትሉ ታትሞ ይላካል፣ ከዚያ እኔ በአዲሱ ገዢ ስም እንዲዛወር አስገባለሁ። የፊተኛው ሳያልቅ የኋለኛው አይጀመርም።

«ታዲያ ሰነዱ እስኪመጣ መኪናውን ለምን አታቆዩትም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ዲለር ግቢው ውስጥ የሚያቆማቸውን መኪኖች የሚገዛው በብድር ነው፤ ፍሎር ፕላን ይሉታል። መኪናው ሳይሸጥ በቆመ ቁጥር ወለዱ በየቀኑ ይቆጥራል። ስለዚህ ይቸኩላሉ። የሚቸኩሉበት ምክንያት ይገባኛል። የችኮላው ዕዳ ምንም በማያውቅ ገዢ ላይ መውደቁን ግን ልቀበለው አልችልም፤ ለአለቃዬም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ጋሼ ወደ እኔ የመጡት ሻጮቹን ጠይቀው ጠይቀው ከሰለቻቸው በኋላ ነው። የጊዜያዊ ሰሌዳቸው ቀን ሊያበቃ ተቃርቧል።

«ልጄ፣ ወረቀቱን የምትሠሪው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ይቀመጡ።»

«ብቀመጥስ ምን አገኛለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ፈት ልሆን ነው» አሉና ተቀመጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንዲት ትንሽ ደብተር አውጥተው ፊቴ ዘረጉልኝ።

ደብተሯ በቀጭን መስመር ለሁለት ተከፍላለች። በግራ በኩል ቀን፣ በቀኝ በኩል ማን ምን እንዳላቸው፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ። «ሽያጭ፦ በሚቀጥለው ሳምንት።» «ሽያጭ፦ ፖስታ ላይ ነው።» «ፋይናንስ፦ ባንኩ ገንዘቡን ተቀብሏል።» «ማኔጀር፦ በዚህ ሳምንት ሳያልፍ።» ከዚህ ሁሉ በታች፣ በሌላ ቀለም፣ የመጀመሪያው ወርሃዊ ክፍያ ከሂሳባቸው የተቆረጠበት ቀን ተጽፏል። ታይትሉ ባይመጣም ብድሩ መከፈል ጀምሯል። ኢንሹራንሱም እንደዚሁ።

«ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም» አሉኝ። «ሁሉም በትሕትና ነው የመለሱልኝ። ግን አንዳቸውም ወረቀቱ አሁን የት እንዳለ አልነገሩኝም።»

ደብተሯን ደግሜ አነበብኳት። እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የተሰጣቸው መልስ ስለ ቀን እንጂ ስለ ቦታ አልነበረም። ታይትሉ ባንኩ ዘንድ ነው? የስቴቱ ቢሮ ነው? ፖስታ ላይ ነው? እኛው መሳቢያ ውስጥ ነው? ይህን የሚያውቅ ሰው ከእኛ መካከል አልነበረም። ሳያውቁ ደግሞ ቀን ቆርጠው ሰጥተዋቸዋል።

ፋይሉን አስመጣሁ። ዕዳው የተከፈለበት ቼክ ቅጂ አለ፤ ቼኩ መመንዘሩን የሚያሳይ ማስረጃም አለ። የፋይናንስ ሠራተኛው ወደ ባንኩ በደወለ ቁጥር የሚያናግረው አውቶማቲክ መስመር ነበር፤ መስመሩም «ክፍያዎ ደርሶናል» ይለዋል። እሱም ይህን ሰምቶ ለሻጩ ያስተላልፋል፤ ሻጩ ለጋሼ «መንገድ ላይ ነው» ይላቸዋል። ከዚህ ሁሉ ሰው «ሊኑ ተነስቷል ወይ? ከተነሳስ በየትኛው ቀን?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ክፍያ መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ ዕዳው መዘጋቱ ሌላ ነገር ነው።

ደወልኩና ሰው አስቀርቤ ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ ሂሳቡ የእኔ ስላልሆነ ዝርዝሩን ልትነግረኝ እንደማትችል በትሕትና አስረዳችኝ። ትክክል ናት፤ ለባንኩ ደንበኛው የቀድሞው ባለቤት እንጂ ዲለሩ አይደለም። ስለዚህ የቀድሞውን ባለቤት ፈልጌ አገኘሁና ሁለቱንም አንድ መስመር ላይ አገናኘኋቸው። ሰውየው ማንነቱን አረጋግጦ እንድታናግረኝ ፈቀደላት።

ነገሩ ወዲያው ወጣ። ሂሳቡ ላይ ጥቂት ዶላር ቀርቶ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ታይትል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነውና። ባንክ «ዕዳውን ለመዝጋት ስንት ይከፈል?» ሲባል የሚሰጠው አኃዝ እስከ አንድ የተወሰነ ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ብዙ ጊዜ እስከ 10 ቀን። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ቀን ወለድ ይጨመርበታል። የእኛ ቼክ የተላከው በተራ ፖስታ ነው። መሀል ላይ የበዓል ዕረፍት ገባ፤ ቼኩ ባንኩ ዘንድ ሲደርስ ቀኑ አልፎ ነበር። ባንኩ ገንዘቡን ተቀበለ፣ ያለፉትን ቀናት ወለድ ቀነሰ፣ የጎደለውን ደግሞ ዕዳ አድርጎ ያዘ። ዕዳው ዜሮ ካልሆነ ሊኑ አይነሳም፤ ሥርዓቱ ለሺህ ዶላርም ለጥቂት ዶላርም አንድ ነው። ጉድለቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ልከዋል፤ የላኩት ግን ለቀድሞው ባለቤት ነው። እሱ መኪናውን ካስረከበ ወዲህ ከባንኩ ጋር የተቋረጠ መስሎት፣ ፖስታውን የማስታወቂያ ወረቀት ነው ብሎ ሳይከፍት ትቶታል። አልፈርድበትም።

የቀረውን ክፍያ በዚያው ቀን በባንክ ዝውውር እንዲላክ አስደረግሁ፤ ሊኑ መነሳቱን የሚገልጽ ደብዳቤም በኢሜይል ጠየቅሁ። ከዚያ ወደ ማኔጀሩ ቢሮ ገባሁ። ሁለት ነገር ፈልጌ ነበር። አንደኛው፣ ታይትል ሲዘገይ ዲለሩ ሁለተኛ ጊዜያዊ ሰሌዳ የሚሰጥበት የሕግ መንገድ በእኛ ስቴት ስላለ፣ ዛሬውኑ እንዲሰጣቸው። በዚህ ብዙም አልተከራከርንም። ሁለተኛው፣ ድርጅቱ የጋሼን የዚያን ወር የብድር ክፍያ እንዲሸፍን።

«መኪናውን እየነዱት ነበር እኮ» አለኝ።

«ነድተውታል፤ ግን ነገ ይቆማል ብለው እየሰጉ ነው የነዱት። ሥራቸው ነው። ቼኩን በተራ ፖስታ የላክነው እኛ ነን፤ የት ደረሰ ብለን ያልጠየቅነውም እኛ ነን።»

ዝም ብሎ ቆየና የጋሼን ደብተር ቅጂ ጠየቀኝ። ቅጂ አንስቼ ነበር። አማርኛውን ማንበብ ስለማይችል መስመር በመስመር ተረጎምኩለት፤ የራሱ ቃል የሰፈረበት መስመር ላይ ስደርስ እጁን አንስቶ አስቆመኝ። ክፍያውን ፈረመበት።

ታይትሉ ሲመጣ ወዲያው ወደ ዝውውር አልገባሁም። በዚህ ሥራ አንዱ መዘግየት ሲያልቅ ሌላው ተደብቆ የሚጠብቀው እዚሁ ጋ ነው፤ የተሽከርካሪ ቢሮው አንዲት ፊደል ስትሳሳት ፋይሉን ይመልሰዋል። በመጀመሪያ የሻሲ ቁጥሩን አየሁ፤ ቪን የምንለውን። ከ1981 ሞዴል ወዲህ 17 ፊደልና አኃዝ ነው ያለው። የላቲኖቹ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይገቡበትም፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ «ኦ» ካየሁ ጸሐፊው መሳሳቱን ወዲያው አውቃለሁ። ቁጥሩን ከታይትሉ ወደ ውሉ፣ ከውሉ ወደ ኢንሹራንሱ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። የማይል ንባቡንም እንዲሁ። የ2011 እና ከዚያ ወዲህ ያሉ ሞዴሎች ለ20 ዓመት ያህል በእያንዳንዱ ዝውውር ላይ የማይል ንባባቸው እንዲገለጽ የፌዴራሉ ደንብ ያስገድዳል። የተፋቀ ወይም በላዩ የተጻፈበት አኃዝ ካለ ፋይሉ ይመለሳል።

ቁጥሮቹ ልክ ነበሩ። ስሙ ግን ልክ አልነበረም።

የጋሼ መንጃ ፈቃድ ላይ የአባታቸው ስም በድርብ ፊደል ተጽፏል፤ የእኛ ውል ላይ በነጠላ። የብድር ውሉ ላይ ደግሞ የአያታቸው ስም የአባት ቦታ ገብቷል። የእኛ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ሌላ፣ የሥራ መታወቂያው ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይጻፋል። በፈረንጅ ቢሮ ይህ የሁለት ሰው ስም ሆኖ ነው የሚታየው። ፋይሉ እንደዚያው ሆኖ ቢገባ ኖሮ ጋሼ እንደገና ሳምንታት ይጠብቁ ነበር።

ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድዎን ይዘው ይምጡልኝ፤ የሚፈረም አለ።»

«ደግሞ ምን ጎደለ ልጄ?» ድምፃቸው ውስጥ ድካም ነበር።

«ምንም አልጎደለም። ስምዎ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይሁን ብዬ ነው። አሁን ካላስተካከልነው በኋላ ይመልሱብናል።»

መጡ። ውሉን በመንጃ ፈቃዳቸው አጻጻፍ ልክ እንደ አዲስ አትሜ፣ እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ ካነበቡ በኋላ ፈረሙ። ልጃቸውንም በታይትሉ ላይ ማስገባት ፈልገው ነበርና በሁለቱ ስሞች መካከል «እና» ይሁን «ወይም» ጠየቅኋቸው። በብዙ ስቴቶች «እና» ከተባለ ወደፊት ለመሸጥ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል፤ «ወይም» ከተባለ የአንዱ ይበቃል። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሻጭ እስካሁን አላየሁም። ጋሼ ትንሽ አስበው «ወይም በይው፤ ልጄን አምነዋለሁ» አሉኝ። ፋይሉ በዚያው ገባ፤ አልተመለሰም፤ ቋሚው ሰሌዳም ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ቢሮአችን ውስጥ የተለወጡ ነገሮች አሉ። የዕዳ መዝጊያ ክፍያ በተራ ፖስታ አይላክም፤ በዝውውር ነው፣ አኃዙም የጥቂት ቀናት ወለድ ተጨምሮበት ነው፤ የተረፈውን ባንኩ ይመልሳል። መኪናውን ከሚያስረክበው ደንበኛ ባንኩን እንድናናግርለት የሚፈቅድ ፊርማ የምንቀበለው ገና ጠረጴዛው ላይ እያለ ነው፤ ከሄደ በኋላ ፍለጋ አንወጣም። ገንዘቡ ከደረሰ በኋላም ሊኑ የተነሳበትን ቀን እኔ ራሴ ደውዬ ፋይሉ ላይ እጽፋለሁ። ለገዢ ስልክ ሲመለስ ደግሞ በመጀመሪያ የሚነገረው ሰነዱ ያለበት ቦታ ነው፤ ቀን የሚነገረው ቦታው ከታወቀ ብቻ ነው።

የምትገዙ ሰዎች ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት «ታይትሉ አሁን በእጃችሁ ነው?» በሉ፤ «አዎ» ካሏችሁ «አሳዩኝ» በሉ። ባንክ ዘንድ ነው ካሉ፣ ዕዳው መቼና እንዴት እንደተከፈለ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ውሰዱ። የጊዜያዊ ሰሌዳው ቀን መቃረቡን ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። እንደ ጋሼ ጻፉ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ። ዲለሩ ካልሰማችሁ ፈቃዱን የሚሰጠው የስቴቱ ቢሮ አቤቱታ ይቀበላል፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች ዲለሮች ለእንዲህ ዓይነት ጉዳት የዋስትና ቦንድ አስይዘው ነው የሚሠሩት። ይህን መብት የሚያውቅ ያገራችን ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል፤ አንገታችንን ደፍተን መጠበቅ ጨዋነት ይመስለናል።

ታይትሉ እስኪመጣ መኪናው አይሸጥ የሚለው ሐሳቤ ግን እስካሁን ተቀባይነት አላገኘም። ማኔጀሩ የተስማማልኝ በግማሹ ነው፤ ሰነዱ ሌላ ቦታ ያለ መኪና ሲሸጥ፣ የት እንዳለና ለምን እንዳልመጣ ውሉ አናት ላይ በግልጽ ይጻፋል፣ ገዢው አንብቦ ከሥሩ ይፈርማል። አንዳንዱ ያነብና «እንግዲያው ወረቀቱ ሲመጣ እመለሳለሁ» ብሎ ሳይገዛ ይሄዳል። ሻጮቹ ይህን አይወዱትም። እኔ የእነዚያን ሰዎች ስልክ ተቀብዬ አስቀምጣለሁ፤ ታይትሉ የገባ ዕለት የምደውልላቸው እኔ ነኝ።