ታኅሣሥ፣ ቴክሳስና የሚጋጭ ቀንድ

ፒያሳ ቁጭ ብለህ የአሜሪካ ወሬ ስታወራ ሰው ምን መስማት እንደሚፈልግ ይታወቃል። ቤት ኪራይ ስንት ገባ፣ ግሪን ካርድ ስንት ዓመት ይፈጃል፣ ልጆቹ አማርኛ ይችላሉ ወይ። ዘንድሮ ለዕረፍት ስመጣ አጎቴ "ሥራ በማትገባበት ቀን ምን ትሠራለህ?" ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ተናገርኩ። "አደን እወጣለሁ ጋሼ። አጋዘን።" እሱስ ባልከፋ፤ "ሁለት ቀንድ እያጋጨን ነው የምንጠራው" ብዬ ስጨምር ግን ጠረጴዛው በሙሉ ሣቀ። አንዱ ጓደኛዬ "እኛ እዚህ ከኑሮ ጋር እንጋጫለን፣ አንተ ቴክሳስ ሄደህ ቀንድ ታጋጫለህ" አለኝ። ይሁን፣ ይስቁ። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ግን ሲጠይቁኝ ነው የዋሉት፣ ስለዚህ በደንብ ልጻፈው።

የምኖረው ዳላስ ነው። ዳላስ ያለ ሐበሻ ከፈለገ ከሥራ ውጪ እንግሊዝኛ ሳይናገር ዓመቱን መጨረስ ይችላል። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ እንጀራው አለ፣ ዕቁቡ አለ፣ ለቅሶውም ሰርጉም አለ። የሀገሩን ሰው የምታገኘው ሥራ ቦታ ነው፣ እዚያም "ሃይ" ብሎህ ያልፋል። እኔን ከዚህ ያወጣኝ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ አያቶቹ ከሜክሲኮ የመጡ፣ እሱ ግን ደቡብ ቴክሳስ ተወልዶ ያደገ ሰውዬ ነው። ወሬ አያበዛም። በእረፍት ሰዓት ስልኩ ላይ የአጋዘን ፎቶ ያያል። አንድ ሌሊት "እናንተ ሀገር አደን አለ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም የአያቴን ምንሽር አወራሁለት፣ በቃ በዚያው ተግባባን።

ጠመንጃ አንግቶ ዝም ብሎ ጫካ መግባት የለም። ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1971 ጀምሮ የተወለደ አዳኝ የአደን ትምህርት መውሰድ አለበት። ከዚያ ፈቃድ ትገዛለህ፣ ከፈቃዱ ጋር የሚሰጥህን ታግ፣ ማለትም መለያ ወረቀት፣ ደግሞ የጣልከው እንስሳ ላይ ወዲያው ታስራለህ። መሬቱም ከ90 በመቶ በላይ የግል ነው፤ ስለዚህ ወይ መሬት ያለው ዘመድ ያስፈልግሃል ወይ ከፍለህ ትገባለህ። የእኔ ሰውዬ ከወንድሞቹ ጋር በየዓመቱ የሚከራዩት ቦታ አላቸው፣ እኔ በእንግድነት ነው የገባሁት።

ከዳላስ ወደ ደቡብ ስትነዳ ሳን አንቶኒዮን ካለፍክ በኋላ ሀገሩ ይለወጣል። ደረቅ ነው፣ እሾህ ነው፣ በለስ በየቦታው በቅሏል። የሚበዛው ዛፍ መስኪት ይባላል፤ አፋርን ያስቸገረው የፕሮሶፒስ የቅርብ ዘመድ ነው። አሜሪካ ማለት ሕንፃና ሀይዌይ ብቻ ለሚመስለው ሰው እዚህ ቆሞ ዙሪያውን ቢያይ ጥሩ ነበር።

ወደ ቀንዱ ልምጣ። የእነሱ አጋዘን፣ ነጭ ጅራት የሚሉት፣ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል። የስሪያው ወቅት ካለፈ በኋላ ይረግፋል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይበቅላል። ሲያድግ ለስላሳ ቆዳ ለብሶ ነው። መስከረም አካባቢ ቆዳውን ዛፍ ላይ እያሸ ያራግፈውና ደረቅ አጥንት ሆኖ ይቀራል። የእኛዎቹ እንዲህ አይደሉም። ይህንን ለእህቴ ልጅ ላሳየው ብዬ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይዤው ሄድኩ። የደጋ አጋዘን፣ ያ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኘው፣ የሳይንስ ዓለም በ1910 እ.ኤ.አ. መዝግቦ ያወቀው፣ ወገኑ ከበሬና ከፍየል ነው። ቀንዱ ተጠማዞ ያድጋል እንጂ አይረግፍም፣ እስኪሞት አብሮት ነው። ልጁ ትንሽ አሰበና "ታዲያ የአሜሪካው ቀንዱ ሲወድቅ አያመውም?" አለኝ። አያመውም፤ ሥሩ ላይ አጥንቱ ሳስቶ በራሱ ጊዜ ነው የሚላቀቀው። ሰዎች ሜዳ ላይ እየዞሩ ይለቅሙታል። የእኔም ጓደኛ የሚያጋጨው እንዲህ የተለቀመ ቀንድ ነው።

ታዲያ ለምን ይመጣል? ቀኑ እያጠረ ሲሄድ የወንዱ ሆርሞን ይነሣል። አንገቱ ይወፍራል፣ ዛፍ በቀንዱ ይፍቃል፣ መሬት በኮቴው ይጭራል፣ ያገኘውን ወንድ ሁሉ ይገፋል። ሰሜን ባሉት ስቴቶች ይህ ግርግር የሚጦፈው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው። ደቡብ ቴክሳስ ግን ይዘገያል፣ ዲሴምበር አጋማሽ፣ በእኛ ታኅሣሥ መጀመሪያ። ሴቷ ለወንዱ ፈቃደኛ የምትሆነው አንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ወንዶች ሲጣሉ የሰማ ሦስተኛው፣ እዚያ አካባቢ ሴት ሳትኖር አትቀርም ብሎ ይገሰግሳል። ወይም "ግዛቴ ውስጥ ማን ደፈረ" ብሎ። ይህንን ስነግራቸው አጎቴ በአንድ አፍ ጨረሱት። "ዶሮ ማነቂያ ሁለት ሰካራም ሲደባደብ ሰፈሩ በሙሉ በሩን ከፍቶ ይወጣ የነበረው ነዋ!" አዎ፣ እሱው ነው። ሰፈሩ ፈርሶ ታሪክ ሆነ እንጂ አጋዘኖቹ ዛሬም ይወጣሉ።

ጓደኛዬ ሲሠራ ላሳያችሁ። ገና አልነጋም፣ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ሁለቱን ቀንዶች በገመድ አያይዞ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏቸዋል፤ ሲያጋጭ እጁን እንዳይወጋው አጠር ያሉትን የፊት ቅርንጫፎች በመጋዝ ቆርጧቸዋል። መጀመሪያ ነፋሱን ያያል። ከትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ነጭ ዱቄት ብን ያደርግና ወዴት እንደሄደ ይከተለዋል። ከዚያ እኔን ከነጠመንጃዬ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል፣ ከእሱ ራቅ አድርጎ ያስቀምጠኛል። ያኔ ገረመኝ፣ ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። እሱ መስኪቱ ሥር ተንበርክኮ የወንድ አጋዘን ድምፅ በምታወጣ የፕላስቲክ ቱቦ ሁለት ሦስቴ "እርርፕ" ያደርጋል። ዝም። ድንገት ቀንዶቹን ጓ! አድርጎ ያላትማቸዋል። ያፋጫቸዋል፣ ይጠመዝዛቸዋል፣ ያላቅቃቸዋል፣ እንደገና ያላትማቸዋል። በመሀል በቀንዱ ጀርባ መሬቱን ይደበድባል፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ይሰብራል፣ ጠጠሩን ይበትናል። ያ በሥራ ቦታ አሥር ቃል የማይናገር ሰውዬ ብቻውን የሁለት ኮርማ ጠብ ይሆናል። ይህ ሁሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ቀንዱን አስቀምጦ ይቀመጣል።

ሥራው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። ሰው ጩኸቱን ነው የሚያየው፤ ከጩኸቱ በኋላ ያለውን ዝምታ ማንም አይቆጥረውም። ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ አፍንጫህን ሳታክ ትቀመጣለህ። ጥሪ አጋዘኑን ጎትቶ አያመጣውም። እሱ ሊሰማው ዝግጁ የሆነውን ነገር ነው የምትነግረው፣ ዝግጁ ካልሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብታንኳኳ ትርፉ ክንድህን ማሳመም ነው።

መጀመሪያ የመጣው ጎረምሳ ነበር። እየሮጠ መጥቶ መሀል ሜዳ ቆመ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ "የታሉ?" የሚል ይመስላል። እነሱ በሚከራዩት መሬት ላይ እንዲህ ያለው ልጅ አይነካም፣ ደንብ ነው። ቆይቶ ሌላ መጣ። ይኼኛው አልሮጠም። ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፏል፣ የጀርባው ፀጉር ቆሟል፣ እግሩን እያደረቀ ወደ ጎን ነው የሚራመደው። ወደ ጓደኛዬ በቀጥታ አልሄደም። ዞሮ፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል፣ እኔ ወዳለሁበት መጣ። ሽታውን ሳያረጋግጥ ጠብ ውስጥ አይገባማ! ለካ እኔን እዚያ ያስቀመጠኝ ለዚህ ነው። ትንፋሹ በብርዱ ሲጨስ አያለሁ። ጠመንጃውን ወደ ትከሻዬ ቀስ እያደረግኩ ሳለ ነፋሱ ዞረና ማጅራቴን መታኝ። ጭንቅላቱን ቀና አደረገ፣ በአፍንጫው "ፍርርስ" አለ፣ ነጩን ጅራት ብቻ አየሁት፣ አለቀ። ጓደኛዬ ትከሻውን ነቅንቆ ቡና ከፈተ።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያው ደቡብ ቴክሳስ፣ ዌልደር በሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ ውስጥ፣ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር በጥናት ፈትነውታል። ጮክ ያለ ማጋጨት ቀስ ካለው ሦስት እጥፍ ገደማ ወንዶችን ነው የጠራው። ከመጡት ውስጥም አብዛኞቹ የመጡት ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ነው። ጓደኛዬ ጥናቱን አንብቦ አያውቅም። አባቱ ነው ያስተማረው።

ቱቦው ለብቻው ሌላ ዓለም ነው። ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ ስስ ምላስ አለው፣ ስትነፋው የወንዱን ማጉረምረም ያወጣል። አጭርና ለስላሳ ከሆነ "አለሁ" እንደ ማለት ነው። ተከታታይና ፈጣን ከሆነ ሴት እየተከተለ ነው። ስኖርት ዊዝ የሚሉት ደግሞ አለ፣ በአፍንጫ ፉት ፉት ብሎ በረጅም ፉጨት የሚያልቅ፤ እሱ በቀጥታ "ና ውጣ!" ነው፣ ለጎረምሳ ከነፋኸው ያስፈረጥጠዋል። የሴቷን ድምፅ የምታወጣ ትንሽ ቆርቆሮም አለች፣ ገልበጥ ስታደርጋት "ማእእ" ትላለች። የእኔ ምክር፣ አታብዙት። አጋዘን ወደ አንተ እየመጣ ከሆነ ዝም በል። ጥሪ ለሚሄድ እንጂ ለሚመጣ አይደለም። ደግሞ ሴቶቹ በጣም በበዙበት ቦታ ቀንድ ማጋጨቱ ብዙ አይሠራም፤ ወንዱ ሴት ሞልታው ምን አጣላው?

ቱቦዋን ኪሴ ይዣት መጥቼ ነበርና ጓደኞቼ ካልነፋህ ብለው ያዙኝ። ነፋሁ። አስተናጋጇ ደንግጣ ዞረች፣ ከጎን ጠረጴዛ አንድ አባት "ይማርህ" አሉኝ። ሌላ ጊዜ ብቻዬን ነው የምነፋው።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። የአጋዘን ድምፅ እያወጣህ፣ ቀንድ እያወዛወዝክ ቁጥቋጦ ውስጥ መቀመጥ ማለት ሌላ አዳኝም ሊሰማህ ይችላል ማለት ነው። ለሕዝብ ክፍት በሆነ መሬት ላይ ከሆንክ ብርቱካናማ ልብስህን ልበስ፣ ጀርባህን ለወፍራም ግንድ ስጥ፣ ቀንዱን ሸፍነህ ያዝ። በግል መሬት ላይም ቢሆን ማን የት እንደተቀመጠ ሳይነጋገር የሚወጣ ቡድን ጋር አልሄድም።

ወደ ሆድ ጉዳይ እንግባ፣ እናቴ የጠየቀችኝ እሱን ብቻ ነው። "ይበላል?" ዘዳግም ምዕራፍ 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ጋር ተጽፈዋል፣ እሱ ላይ ችግር የለም። ችግሩ ሌላ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፣ አጋዘኑ የሚያብደው ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ነው። በሌላ አነጋገር እኔ የማድነው እየጾምኩ ነው። ጓደኞቼ ማታ እሳት ላይ ጉበት ሲጠብሱ እኔ ሽሮዬን በፔርሙስ ይዤ እቀመጣለሁ፣ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር፣ አሁን ለምደውኛል፣ እንዲያውም አንዱ ሽሮውን ሳይለምን አይቀርም። ሌላው ጥያቄ ባርኮ ማረዱ ነው፣ በጥይት የወደቀ እንስሳ እንዴት ይሆናል የሚለው። የንስሐ አባቴን ጠይቄ የነገሩኝን አደርጋለሁ፣ እናንተም የራሳችሁን ጠይቁ።

ሥጋው ተቆራርጦ ፍሪዘር ይገባና ገናን ይጠብቃል። ስብ የለውም፣ ስለዚህ ጥብሱ ቅቤ ይፈልጋል፣ ሽንኩርቱም በዛ ይበል፣ እሳት ላይ ከቆየ ደግሞ እንደ ጫማ ሶል ይደርቃል። ለወጥ ግን ጭኑ ይሻላል፣ ቀስ ብሎ ይብሰል። ጥሬ ክትፎ ላማረው ሰው መልሴ አጭር ነው። የዱር ሥጋ ነው፣ ጥገኛ ተዋስያን ሊኖሩት ይችላሉ፣ በደንብ አብስሉት።