ካርትሪጁ ውስጥ ያልገባው፦ የሱፐር ኒንቴንዶ ፖርቶችንና ያልወጡ ጌሞችን ሳጠና እስካሁን ያገኘሁት

የድሮ ጌም ወዳጆች፣ እንዴት ናችሁ? ሰሞኑን የተጠመድኩበትን ጉዳይ ላካፍላችሁ። የማጠናው ሱፐር ኒንቴንዶን ነው። ጃፓን ውስጥ በኖቬምበር 1990 ሱፐር ፋሚኮም ተብሎ የወጣው ኮንሶል ማለቴ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ነገር ነው የያዝኩት። አንዱ ከአርኬድ ማሽን፣ ማለትም በየመጫወቻ ቤቱ ሳንቲም እየተከፈለ ከሚጫወቱበት ትልቅ ማሽን፣ ወደዚህ ኮንሶል የተዛወሩ ጌሞች፣ ማለትም ፖርቶች። ሌላው ተሠርተው አልቀው፣ ወይም ሊያልቁ ጥቂት ቀርቷቸው፣ ገበያ ሳይወጡ የቀሩ ጌሞች። መጀመሪያ ለየብቻ ነበር የማያቸው። እየቆየሁ ስሄድ ግን ሁለቱም ወደ አንድ ጥያቄ መጡብኝ፦ ምን ተቆረጠ? ማንስ፣ ምን አስገድዶት ቆረጠው?

ስለ ፖርቶች ሲወራ «ሰንፈው ነው፣ አበላሹት» የሚል ነገር ቶሎ ይነሳል። ቁጥሩን ቁጭ ብዬ ካሰላሁ ወዲህ ይህን አባባል መዋጥ አቅቶኛል።

አሠራሬ ቀላል ነው። ሜሰን የተባለውን ኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮውን ኮንሶል ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም፣ እጠቀማለሁ። ነፃ ነው፤ ጌሙን ፍሬም በፍሬም ያስቆምላችኋል፤ በዚያች ቅጽበት የሥዕል ማስቀመጫው ሜሞሪ ውስጥ ምን እንዳለና ስንት ስፕራይት (ከጀርባው ሥዕል ተለይቶ የሚንቀሳቀስ ሥዕል) ስክሪኑ ላይ እንደቆመ በመስኮት ያሳያል። ከጎኑ የአርኬዱን ጌም እከፍታለሁ። ለምሳሌ የአርኬዱ ፋይናል ፋይት ካፕኮም በ2018 ባወጣው የድብድብ ጌሞች ስብስብ ውስጥ ስላለ ማግኘቱ አያስቸግርም። ከዚያ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ሁለቱንም አቁሜ አወዳድራለሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ በዚሁ በፋይናል ፋይት ጀምሩ። ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው።

አርኬዱ በ1989 ወጣ። ኮዲ፣ ጋይና ከንቲባው ሃጋር የሜትሮ ሲቲን ወሮበሎች በጡጫ የሚያጸዱበት ጌም ነው። የሱፐር ፋሚኮሙ ፖርት የመጣው በዲሴምበር 1990፣ ኮንሶሉ በወጣ በወሩ ነው። ሲመጣ ጋይ የለም። ለሁለት መጫወት የለም። የፋብሪካው ሰፈር ከነቦሱ ከሮሌንቶ ጋር ጠፍቷል። አርኬዱ ላይ ወሮበላ ከየአቅጣጫው ሲጎርፍባችሁ፣ እዚህ በአንድ ጊዜ ከሦስት አይበልጡም።

ሦስት ለምን ሆነ? እዚህ ላይ ነው ካልኩሌተር ያነሳሁት።

ሱፐር ኒንቴንዶ ሥዕልን የሚይዘው 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ቁርጥራጮች ነው። አንዷ ባለ 16 ቀለም ቁራጭ 32 ባይት ትፈጃለች። ስፋቱ 64፣ ቁመቱ 96 ፒክሰል የሆነ ሰው እንውሰድ። ይህ 8 በ12፣ ማለትም 96 ቁራጭ ነው። በባይት 3072 ይመጣል። ሰውየው ክንዱን ባነሳ ቁጥር ሌላ 3072 ባይት ወደ ሥዕል ሜሞሪው መግባት አለበት። ኮንሶሉ ደግሞ ያንን ማስገባት የሚችለው አንዱ ፍሬም አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለችው አጭር ክፍተት ብቻ ነው። በዚያች ክፍተት የሚያልፈው በግምት 6 ኪሎባይት ነው። በሰከንድ ስልሳ ጊዜ አንድ ታክሲ እንደሚመጣ አስቡት፤ 6 ኪሎባይት ጭኖ ወዲያው ይሄዳል። የኛን ሰውዬ የሚያክሉ ሁለት ሰዎች ከገቡ ሞላ። ሦስተኛው ቀጣዩን መጠበቅ አለበት።

ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ገደብ ይብሳል። ኮንሶሉ በአንድ አግድም መስመር ላይ መሳል የሚችለው የስፕራይት ስፋት 272 ፒክሰል ነው። ከዚያ የሚተርፈው አይታይም። አራት ባለ 64 ፒክሰል ሰዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ 256 ይሆናል። እናንተና ሦስት ወሮበሎች ማለት ነው! አምስተኛው ሲጨመር 320፤ የአንዱ እግር ወይም ደረት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ያን ቀን ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፌ ዝም ብዬ ሳየው ቆየሁ።

በእርግጥ ስሌቱ ሁሉንም አይመልስም። ሰዎቹ ሁሌም አንድ መስመር ላይ አይቆሙም፤ የሥዕላቸው ዳርም ባዶ ቦታ አለው። ጎበዝ ፕሮግራመር ይህን መጠቀም ይችላል። ደግሞም ካፕኮም በ1993 ፋይናል ፋይት 2ን ለዚሁ ኮንሶል ሲሠራ ለሁለት መጫወት ተችሏል። ማሽኑ ያው ነው። የተለወጠው ልምዱና ካርትሪጁ፣ ማለትም ጌሙን ይዞ ኮንሶሉ ላይ የሚሰካው ሳጥን፣ ነው። የመጀመሪያው ካርትሪጅ 8 ሜጋቢት ነበር፤ በዛሬ አነጋገር 1 ሜጋባይት። አንድ የስልክ ፎቶ እንኳ ዛሬ ከዚህ ይበልጣል። የካርትሪጅ ሜሞሪ በጊዜው ውድ ስለነበር እያንዳንዱ ሜጋቢት በገንዘብ የሚታሰብ ነበር። ጋይን ለማስገባት ሙሉ የእንቅስቃሴ ሥዕሎቹን ማስገባት ይጠይቃል። በ1992 ጃፓን ውስጥ ጋይ ያለበት ስሪት ሲወጣ፣ በተራው የወጣው ኮዲ ነው። ለሁለቱም ቦታ አልተገኘም። በሴጋ ሲዲ ላይ፣ በተፎካካሪው በሴጋ የሲዲ ማጫወቻ ማለት ነው፣ በ1993 የወጣው ግን ሦስቱንም፣ የፋብሪካውን ሰፈርና የሁለት ሰው ጨዋታውን ይዟል። ሲዲ ሰፊ ነው።

የመንኮራኩር ተኩስ ጌሙ ግራዲየስ 3 ሌላ ታሪክ ነው። ይኸኛውም የዲሴምበር 1990 ነው። እዚህ ሥዕል ሳይሆን ፍጥነት ነው ያጠረው። የኮንሶሉ ዋና ቺፕ ቢበዛ በ3.58 ሜጋኸርዝ ይሮጣል። ያውም ካርትሪጁ ፈጣን ሜሞሪ ካለው ነው። ርካሹን ሜሞሪ የተጠቀሙት በ2.68 ይሄዳሉ፤ ግራዲየስ 3 ከነሱ አንዱ ነው። መንኮራኩራችሁ አራት ረዳቶቿን አስከትላ መተኮስ ስትጀምር ጌሙ ይንቀራፈፋል። የአረፋው ስቴጅ ላይማ ሁሉም ነገር ማር ውስጥ የገባ ይመስላል።

በ2019 ቪቶር ቪሌላ የተባለ ብራዚላዊ ፕሮግራመር ጌሙን ኤስኤ-1 በተባለው ረዳት ቺፕ እንዲሠራ አድርጎ አስተካከለው። ይህ ቺፕ ኒንቴንዶ ራሱ በኋላ ዘመን ካርትሪጆች ውስጥ የከተተው ነው፤ 10.74 ሜጋኸርዝ ይሮጣል። የቪሌላን ስሪት ሞክሩት። መንቀራፈፉ ድራሹ ይጠፋል። ከዚያ ግን የሚገርም ነገር ታያላችሁ፤ ጌሙ በጣም ይከብዳል። ለካ ያ ዝግታ ጥይት ለማምለጥ ጊዜ ይሰጠን ነበር። እኔ አሁንም ስጫወት የመጀመሪያውን ነው የምመርጠው። ስማር ግን የቪሌላን እከፍታለሁ፤ ፕሮግራመሮቹ ሐሳባቸው ምን እንደነበር እሱ ላይ ነው የሚታየው።

ስትሪት ፋይተር 2ን ሁላችሁም ስለምታውቁት ብዙ አልልም። በ1992 ሲመጣ በዚህ ኮንሶል ላይ 16 ሜጋቢት ካርትሪጅ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ጌም ነበር። የአርኬዱ ስክሪን ስፋት 384 ፒክሰል ሲሆን የኮንሶሉ 256 ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። መግቢያው ላይ ሁለት ሰዎች የሚደባደቡባት ትዕይንት ቀርታለች፤ በ1993 «ተርቦ» (Turbo) ተብሎ በወጣው ባለ 20 ሜጋቢት ስሪት ተመልሳለች። አንድ ነገር ግን በትክክል ገጠመ፦ አርኬዱ ስድስት ቁልፍ ይፈልጋል፣ የሱፐር ኒንቴንዶ ጆይስቲክም ስድስት አለው። ሴጋ ለሜጋ ድራይቭ ባለ ስድስት ቁልፍ ጆይስቲክ ማውጣት የነበረበት በኋላ ነው። እጅ የለመደው እንቅስቃሴ ስላልተነካ፣ ሰው የጎደለውን ሥዕል ሳይቆጥር ገዛው።

እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የምወደው ፖርት የኮናሚው ተርትልስ ኢን ታይም ነው። አርኬዱ ለአራት ሰው ነበር፣ ኮንሶሉ ለሁለት። ተሸንፎ የሚጀምር ይመስላል። ሠሪዎቹ ግን ኮንሶሉ የሚችለውን አዩና በዚያ ሠሩ። ወሮበላ አንስቶ ወደ ተመልካቹ፣ ወደ ስክሪኑ መስታወት መወርወር አርኬዱም ላይ አለ። እዚህ ግን ለብቻው አዲስ ስቴጅ ጨመሩና ቦሱ ሽሬደር ከስክሪኑ ፊት ለፊት፣ ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ እንዲቀመጥ አደረጉ። እሱን የምትመቱት ወሮበሎቹን ወደ ራሳችሁ እየወረወራችሁ ነው። አርኬዱ ላይ ይህ ውጊያ የለም። ፖርት የተባለው ከዋናው በልጦ ሲገኝ እንዲህ ነው።

አሁን ወዳልወጡት ልሂድ። ልብ የሚነካው ስታር ፎክስ 2 ነው።

የመጀመሪያውን ስታር ፎክስ፣ የጠፈር ውጊያ ጌሙን፣ በ1993 ኒንቴንዶ ከእንግሊዙ አርጎኖት ጋር ነበር የሠራው። ካርትሪጁ ውስጥ ሱፐር ኤፍኤክስ የሚባል ቺፕ ገብቶ ነበር፤ ባለ ሦስት አውታር ቅርጾችን የሚያሰላው እሱ ነው። ለሁለተኛው ክፍል ዋናው ፕሮግራመር ዲላን ካትበርት ነበር፤ ቺፑም ወደ 21 ሜጋኸርዝ አደገ። በ1995 መጀመሪያ በሲኢኤስ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ላይ ታየ። ሥራው ተጠናቀቀ። ከዚያ ተሰረዘ። ገበያ ላይ ሴጋ ሳተርንና ፕሌይስቴሽን ነበሩ፤ ኒንቴንዶ 64 ደግሞ በ1996 ሊመጣ ነው። ኒንቴንዶ የአዲሱ ማሽን ባለ ሦስት አውታር ጌም ከአሮጌው ጋር በግልጽ እንዲለይ ፈለገ። የቡድኑን ልፋት ውሃ በላው።

አንድ ያልተሟላ ስሪት ለብዙ ዓመት በአድናቂዎች እጅ ሲዞር ቆየ። ኒንቴንዶ ራሱ ያለቀውን ጌም ያወጣው በሴፕቴምበር 2017፣ በትንሹ ሱፐር ኒንቴንዶ ክላሲክ ውስጥ ነው። እዚያ ላይ ለመክፈት የመጀመሪያውን ስታር ፎክስ አንደኛ ስቴጅ ማለፍ አለባችሁ። ከ2019 ማብቂያ ጀምሮ በስዊች የኦንላይን አገልግሎትም ይገኛል።

ተጫወቱት እላለሁ። ተራ ተከታይ ክፍል አይደለም። ከስድስት አብራሪዎች ሁለት ትመርጣላችሁ። ከዚያ አንድ ካርታ ይከፈታል። ከዋናው ጠላት ከአንድሮስ የሚላኩ ሚሳይሎችና መርከቦች ወደምትጠብቋት ፕላኔት ወደ ኮርኔሪያ ይጓዛሉ፤ ወደ እነሱ ስትበሩ ሌሎቹም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። አንዱን ስትመቱ ሌላው ፕላኔታችሁን ይመታል። የኮርኔሪያ ጉዳት 100 በመቶ ከደረሰ አበቃ። መንኮራኩሯ ጠላት ጣቢያ ውስጥ ስትገባ እግር አውጥታ ትራመዳለች። ይህ ሁሉ ባለ 16 ቢት ማሽን ላይ ነው! ስክሪኑ ላይ የፍሬሙ ብዛት ዝቅተኛ ነው፣ አልክድም። ዓይን እስኪለምደው ትንሽ ያስቸግራል።

ከዚህ ጌም በኋላ ስታር ፎክስ 64ን እንደገና ከፍቼ አየሁት። በሁሉም አቅጣጫ እየዞሩ መዋጋት፣ ተቀናቃኙ የስታር ዎልፍ ቡድን፣ ቁልፉን ይዞ አጠራቅሞ መተኮስ፤ ሁሉም ስታር ፎክስ 2 ላይ ነበሩ። እኛ በ1997 እንደ አዲስ ያየነው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ከነበረው ጌም የመጣ ነው። በካርታ ላይ ማቀዱ ደግሞ በ2006 በስታር ፎክስ ኮማንድ ተመለሰ። ያንን የሠራው ኪዮቶ የሚገኘው ኪው-ጌምስ፣ ካትበርት ራሱ የመሠረተው ኩባንያ ነው።

ሁሉም ያልወጣ ጌም እንዲህ የተደበቀ ሀብት ነው ብዬ አላጋንንም። ስለ ክሊንተን ድመት የተሠራው ሶክስ ዘ ካት ለምሳሌ የቀረው አሳታሚው ካኔኮ የአሜሪካ ቅርንጫፉን በ1994 ስለዘጋ ነው። በ2018 ካርትሪጅ ሆኖ ወጣ። ድመቷ በየስቴጁ የአሜሪካ ፖለቲከኞችን ካሪካቸር ትዋጋለች። እንደ ጌም መካከለኛ ነው። እንደ ዘመን ማስታወሻ ግን በመትረፉ ከልብ ደስ ብሎኛል።

አሁን እየሠራሁበት ያለው ስትሪት ፋይተር አልፋ 2 ነው። ካፕኮም ይህን ከባድ የአርኬድ ጌም ለሱፐር ኒንቴንዶ ያወጣው በ1996 ማብቂያ፣ ኒንቴንዶ 64 ገበያ ከገባ በኋላ ነው። ስታር ፎክስ 2 «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ የቀረበትን ማሽን ካፕኮም አልተወውም። ሥዕሉ 32 ሜጋቢት ውስጥ እንዲገባ ታምቆ ተቀምጧል፤ ኤስ-ዲዲ1 የሚባል ቺፕ እየተጫወታችሁ ይፈታዋል። ግን እያንዳንዱ ዙር ሊጀምር ሲል ጌሙ ለአፍታ ቀጥ ይላል። ካርትሪጅ ላይ እንዲህ ያለ መጠበቅ ብርቅ ነው። በዚያች አፍታ የድምፁን 64 ኪሎባይት ሜሞሪ በሜሰን መስኮት ከፍቼ ፍሬም በፍሬም እየተከታተልኩ ነው፤ ዙሩ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ያለውን ይዘት ጎን ለጎን እያስቀመጥኩ። ከናንተ መካከል ኦሪጅናል ካርትሪጁ ያለው ካለ፣ በእውነተኛው ኮንሶል ላይ ያቺን አፍታ በቪዲዮ ቀርፆ ቢልክልኝ ከኢሙሌተሩ ጋር አስተያየዋለሁ። የተለያዩ ተጫዋቾችን እየመረጣችሁ ብትቀርፁት ደግሞ የበለጠ ይጠቅመኛል።