ሰዶም፣ ሴታሴት፣ ዜጋ፦ ቃላቱ ምንን ይጠራሉ?

ጎጃም የቃል አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ቅኔ የሚቆጠርባቸው ጉባኤ ቤቶች ናቸው፤ በአንዲት ቃል ሰምና ወርቅ ሲሟገት የሚያመሽ ሰው ሞልቷል። ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ሲነሣ ግን ይህ ጥንቃቄ ድንገት ይጠፋል። ሰውነት፣ ጠባይ፣ ድርጊትና ስሜት አንድ ላይ ተጠቅልለው በአንድ ስድብ ይወረወራሉ። ስድቡ የሚያርፍበት ሰው ስላለ ነገሩ በእውነት ያሳስበኛል።

ከ«ግብረ ሰዶም» እንጀምር። «ግብር» ሥራ፣ ድርጊት ነው። ከዘርፍ (ከኋላው ከሚከተለው ስም) ጋር ሲናበብ ሳድሱ «ር» ወደ ግእዝ «ረ» ይለወጣል፤ «ግብረ ሥጋ»፣ «ግብረ ሰናይ»፣ «ግብረ አበር» የምንለው በዚሁ ሕግ ነው። እንግዲህ ቃሉ የድርጊት ስም ነው። «እሱ ግብረ ሰዶም ነው» ማለት ሰውን በድርጊት ስም መጥራት ስለሆነ ስሕተት ነው፤ ለሰው ሲሆን «ግብረ ሰዶማዊ» ይባላል። ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ የሰው ስሜት ወይም አረማመድ በአንቀጹ ውስጥ የለም። በሰፈር አፍ ግን አረማመዱ ብቻ ለክስ ይበቃል።

የሰዶም ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 ይገኛል፤ የከተማዪቱ ስም ለድርጊቱ የተሰጠው ከዚያ ነው። ሕዝቅኤል 16፥49 ላይ ግን የሰዶም ኃጢአት ተብለው የተዘረዘሩት ትዕቢት፣ እንጀራን መጥገብ፣ ሥራ መፍታት፣ የችግረኛንና የድሀን እጅ አለማበርታት ናቸው። ቃሉን አዘውትሮ የሚጠቀም ሰው ይህንንም ማንበብ አለበት ባይ ነኝ። በቦታ ስም መጥራት የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። በእንግሊዝ የድሮ ሕግ ለዚሁ ድርጊት የዋለው «በገሪ» የሚል ቃል ከቡልጋሪያ ስም የመጣ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የዚያ አገር መናፍቃን በዚህ ይከሰሱ ነበርና። «ሌዝቢያን»ም የመጣው ገጣሚዋ ሳፎ ከክርስቶስ ልደት 600 ዓመት ግድም በፊት ከኖረችበት የግሪክ ደሴት፣ ከሌስቦስ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚምታቱት የአገር ቤት ቃላት ናቸው። «ሴታሴት» የሚባለው ድምፁ፣ አነጋገሩ ወይም ሥራው የሴት ነው የተባለ ወንድ ነው፤ እንጀራ መጋገር ወይም ጥጥ መፍተል የሚወድ ወንድ ይህ ስም ሊለጠፍበት ይችላል። ሴቷ ስትሆን «ወንዳወንድ» ትባላለች። ሁለቱም ስለ ጠባይ እንጂ ማን ማንን እንደሚያፈቅር አይናገሩም። ሴታሴት የተባለ ወንድ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ሌላ ነገር አስቦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ጎረምሳ መስሎ የሚሄደው ደግሞ ወንድ የሚያፈቅር ይሆናል። «ፍናፍንት» ከእነዚህም የተለየ ነው፦ የወንድም የሴትም የአካል ምልክት ይዞ የተወለደን ሰው ይጠራል፤ ይህ የተፈጥሮ አካል ጉዳይ ነው። እናት እንዲህ ያለ ልጅ ወልዳ ጎረቤት ልጁን «ግብረ ሰዶም» ሲልባት ሕፃኑን ወደ ሐኪም ከመውሰድ ይልቅ መደበቅ ትመርጣለች። የቃል መምታታት እዚህ ድረስ ይጎዳል።

«ቡሽቲ» የመንገድ ስድብ ነው። ዛሬ ኳስ የሳተውም፣ ብድር ያልመለሰውም ይባልበታል፤ ስለዚህ የተሳዳቢውን ንዴት እንጂ የተሰዳቢውን ማንነት አይነግረንም። በጽሑፍ የሌላ ሰው ንግግር ለመጥቀስ ካልሆነ አያስፈልግም።

«ሆሞ» አጥሮ የመጣ የውጭ ቃል ነው። ሙሉውን ቃል፣ «ሆሞሴክሹዋል»ን፣ ከርትቤኒ የተባለ ጸሐፊ በ1869 እ.ኤ.አ. የፕሩሲያን የቅጣት ሕግ በተቃወመበት የጀርመንኛ ጽሑፍ ላይ አሳተመው። የፊተኛው ክፍል በግሪክ «አንድ ዓይነት» ማለት ነው፤ «ሆሞ ሳፒየንስ» ላይ ያለው ግን ላቲን ሲሆን «ሰው» ማለት ነው። «ጌይ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መነሻው «ደስተኛ» ነበር፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ በውስጥ መግባቢያነት ቆይቶ በኋላ አደባባይ ወጣ። ለጤና ሠራተኛም ሆነ ለጋዜጠኛ ስድብም ክስም ያልተጫነበት አገላለጽ «ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» ነው፤ ረዘም ቢልም የሚለውን በትክክል ይላል።

የቀረው «ዜጋ» ነው። ይህን ሌላ ሰው አላወጣላቸውም፤ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ኢትዮጵያውያን ወንዶች እርስ በርስ ለመተዋወቅ የያዙት ቃል ነው። ሰሙ «የአገር ሰው»፣ ወርቁ «ከእኛ ወገን» ነው። «እሱ ዜጋ ነው?» የሚል ጥያቄ ታክሲ ውስጥ ቢነሣ ማንም ዘወር ብሎ አያይም። በምሥራቅ ጎጃም ቃሉ ከዚያ በፊት ሌላ ሕይወት ነበረው፦ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ዜጋ» በጌታ መሬት ላይ የሚኖር፣ የራሱ ርስት የሌለው ጥገኛ ሰው ነበር። ኋላ የመንግሥት ቋንቋ ቃሉን አንሥቶ ሙሉ መብት ላለው ሰው ሰጠው፤ እነዚህ ወንዶች ደግሞ ከዚያ ላይ ወስደው ለራሳቸው አደረጉት።